መርፌው ይቅደም፣ አምስት ደቂቃ እንጠብቅ

ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በግ የምታደልቡ፣ ወይፈን የምታኮላሹ፣ የወተት ላም የምታረቡ፣ በወረዳ ክሊኒክ መርፌ የምትይዙ፣ ለበዓል ሙክት የምትገዙ ሁሉ፣ ጥሪው ለእናንተ ነው። ከእንግዲህ ጠቦትም ሆነ ጥጃ ሳይደነዝዝ አይኮላሽ፤ የጥጃ ቀንድም ሳይደነዝዝ አይተኮስ።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጠቦቱ ይጣላል፣ እግሩ በጠፍር ይታሰራል፣ አንዱ አንገቱን ይይዛል፤ ሌላው የቆለጡን ሥር በሁለት እንጨት መሐል አጣብቆ በድንጋይ ይቀጠቅጣል። በጣቱ ይዳስሳል፤ ካልረካ ይደግማል። ክሊኒክ የሚቀርበው ደግሞ በቡርዲዞ ያስኮላሻል። በጣሊያናዊው የእንስሳት ሐኪም በናፖሊዮኔ ቡርዲዞ ስም የሚጠራው ይህ ትልቅ ጉጠት ቆዳውን ሳይቀድ ውስጥ ያለውን የዘር ገመድ ይጨፈልቃል። ደም አይፈስም፣ ዝንብ የሚያርፍበት ቁስል አይተርፍም፤ ከድንጋዩ እጅግ ይሻላል። ደም ስላልፈሰሰ ግን አልታመመም ማለት አይደለም። ጠቦቱ ከተለቀቀ በኋላ ለአንድ ሰዓት ዓይናችሁን አትንቀሉበት። ይተኛል፣ ወዲያው ይነሳል። መሬቱን በኋላ እግሩ ይመታል። ዞር እያለ ጎኑን ያያል። ጀርባውን አጉብጦ እናቱ አጠገብ ይቆማል እንጂ ጡት አይጠባም። አለመጮኹ አያታላችሁ፤ በግ ከጥንትም አውሬ ሲያድነው የኖረ ፍጥረት ስለሆነ ሕመሙን መደበቅ ያውቅበታል።

«ገና ሕፃን ነው፣ ምን ይሰማዋል?» የሚል አይጠፋም። ይህንኑ ሐኪሞችም ስለ ሰው ልጅ ብለውት ነበር። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በአደጉት አገሮች ሆስፒታሎች ሳይቀር አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ይህ አስተሳሰብ መናድ የጀመረው አናንድ እና ሂኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ሕፃናት ሕመም እንደሚሰማቸው የሚያሳይ ጽሑፍ ካወጡ በኋላ ነው። በሰው ሕፃን ላይ ያልሠራ ምክንያት በግልገል ላይ የሚሠራበት አንዳች መንገድ አይታየኝም። እርግጥ ነው፣ በትንሽነቱ የተኮላሸ እንስሳ ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ቶሎም ያገግማል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ማኮላሸቱ ልክ ነው። ቶሎ ማገገምና አለመታመም ግን ለየቅል ናቸው።

ማደንዘዣው መድኃኒት፣ ሊዶኬይን፣ አዲስ ግኝት ቢሆን ኖሮ «እስኪደርሰን እንጠብቅ» ባልን። ሊዶኬይንን ኒልስ ሎፍግሬን የተባለ ስዊድናዊ ኬሚስት የሠራው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዕድሜው ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል። ጥርስ ያስነቀለ ሰው በድዱ ያውቀዋል። አሥራ አምስት ኪሎ ለሚመዝን ጠቦት ሁለት ከመቶ ከሆነው ሊዶኬይን ሁለት ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ ባለሙያው ለሁለቱ ገመዶችና ለቆለጡ አንገት ቆዳ አከፋፍሎ ይወጋዋል። ባለ 50 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ ቢያንስ ለሃያ ጠቦት ይዳረሳል ማለት ነው። ፍየል ለዚህ መድኃኒት ስስ ስለሆነች መጠኑ በጥንቃቄ ይለካ። ከዚያ መጠበቅ ነው። አምስት ደቂቃ! እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ እንቅፋታችን ከብሩ ይልቅ ይህቺ አምስት ደቂቃ ናት፤ መርፌውን ወግቶ በዚያው ቅጽበት ቡርዲዞውን የሚጨምቅ ባለሙያ መድኃኒቱንም ድካሙንም ሜዳ ላይ ደፋው። ለጥጃ ቀንድ ሲሆን መርፌው በዓይንና በቀንድ መሐል ወደሚያልፈው ነርቭ ይገባል፤ የጋለው ብረት የሚቀርበው አካባቢው መደንዘዙ በመርፌ ጫፍ ተነካክቶ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ሊዶኬይን ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ይለቃል፤ እብጠቱ ግን ለቀናት ይቆያል። ለዚያ ሜሎክሲካም የሚባል ማስታገሻ አለ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብ፤ በእሱ ፋንታ ዳይክሎፌናክ የተባለውን ሌላ ማስታገሻ እንዳትሰጡ። በደቡብ እስያ ዳይክሎፌናክ የተወጋ ከብት ሞቶ ሥጋውን የበሉ ጥንብ አንሳዎች በሚሊዮን ረግፈዋል፤ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 እ.ኤ.አ. ለእንስሳት እንዳይውል ያገዱት በዚህ ምክንያት ነው። የእኛም ሰማይ ጥንብ አንሳ አለበት።

«ሰው መድኃኒት ባጣበት አገር ለበግ ማደንዘዣ?» ለሚለው ጥያቄ ክብር አለኝ፤ ጥያቄው ከችግር የመጣ ነው እንጂ ከጭካኔ አይደለም። ሆኖም ብልቃጡን ከታማሚ ሰው መደርደሪያ አንሱ ያለ የለም። ለአድላቢው ይህ ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጎን የሚቀመጥ ወጪ ነው፤ በሕመም መኖ ያቆመ በግ ደግሞ ኪሎው ሲቀንስ ኪሳራው የማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል።

ሌላ ቦታ «አይቻልም» ተብሎ የተቻለ ነገር ነው። በጀርመን የአሳማ ግልገል ያለ ማደንዘዣ እንዳይኮላሽ በ2013 እ.ኤ.አ. ሕግ ቢወጣም አርቢዎች አንደርስም ብለው ቀኑ ወደ ኋላ ተገፋ። ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ሕጉ እየሠራ ነው። ኒውዚላንድም የከብት ቀንድ ያለ ማደንዘዣ እንዳይወገድ ከጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። እኛ ሕግ እስኪወጣ እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የዓመቱን የክትባትና የመድኃኒት ግዢ ስታቅዱ ሊዶኬይንና ሜሎክሲካም ጨምሩ። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ አርሶ አደሩ ቢቸኩልባችሁም ቡርዲዞውን ከመርፌው በፊት ከሻንጣ አታውጡ፤ ቡርዲዞ በሌለበት ድንጋይ ሲነሳ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትለፉ። በቢሾፍቱ፣ በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐረማያ የእንስሳት ሕክምና የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪው ያላደነዘዘውን እንስሳ በተግባር ፈተና አታሳልፉት። የከተማ ሰዎች፣ በዓል ሲመጣ የሙክቱን ላት ዳብሳችሁ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «በምን ተኮላሸ?» በሉ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ነጋዴው ይስቃል፤ አሥር ሰው ከጠየቀው ግን መልስ ይዞ ገበያ ይወጣል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ዋናው ነገር በእናንተ እጅ ነው። አንድ ጠቦት ይዞ ባለሙያ መጥራት ለማንም አያዋጣም፤ ሃያው በአንድ ጠዋት ሲሰበሰብ ግን አንድ ብልቃጥ፣ አንድ ባለሙያና አንድ ቡርዲዞ ይበቃል። የመጨረሻው ጠቦት ተወግቶ ሲያበቃ የመጀመሪያው ደንዝዞ ይጠብቃል፤ አምስቷ ደቂቃም ሳትታወቅ ታልፋለች። እንግዲህ በዚህ ወር ስብሰባችሁ ላይ ቀኑን ቁረጡ፣ ብሩን አዋጡ፣ የክሊኒኩን ባለሙያ ያዙ፣ በሰንበቴውና በዕድሩ አስነግሩ። ጠቦት ያለው ጠቦቱን ይዞ ይምጣ፤ የሌለው መጥቶ ይያዝ።