የልብ መዝጊያ ሲያመረቅዝ ሞትን የሚያቀርቡ ነገሮች

ትኩሳት በየቤታችን የሚመላለስ የታወቀ እንግዳ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ አንደነግጥለትም። ወባ ነው፤ ጉንፋን ነው፤ ብርድ ነው እየተባለ አንድ ሳምንት ያልፋል፤ ሁለተኛውም ይከተላል። ነገር ግን አስቀድሞ የልብ ደዌ እንዳለበት የታወቀ ሰው፤ ወይም በኦፐራሲዮን ሰው ሠራሽ የልብ መዝጊያ የገባለት ሰው፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ይዞ አልለቀው ያለ እንደ ሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ዛሬ በዚህ ዐምድ ለመግለጽ ያሰብነው ሐኪሞች ኢንዶካርዳይቲስ ስለሚሉት ስለ ልብ መዝጊያ ማመርቀዝ ነው፤ ይልቁንም በዚህ በሽታ ከተያዙት መካከል አንዱ ድኖ ሌላው የሚሞትበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ነው።

ልብ አራት መዝጊያዎች አሉት። ደም ወደ ፊት እንዲያልፍ ይከፈታሉ፤ ወደ ኋላም እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ጤነኛ መዝጊያ ለስላሳ ስለ ሆነ በደም ውስጥ የሚያልፍ ሚክሮብ በቀላሉ አይጣበቅበትም። የሻከረና የተጨማደደ መዝጊያ ግን በላዩ ጥቂት ደም ይረጋበታል፤ ከጥርስ ድድ፤ ከቆዳ ቁስል፤ ወይም ንጽሕና ከጎደለው መርፌ ወደ ደም የገባ ሚክሮብ በዚያ ላይ ሰፍሮ ይራባል። ጥቂት ቆይቶም በመዝጊያው ላይ እንደ ቡቃያ ያለ ነገር ይበቅላል። ሚክሮቡ በረጋው ደም ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚቀመጥ ሰውነት በገዛ ኃይሉ ሊያጠፋው አይችልም፤ መድኃኒቱም ቢሆን በደም ሥር እየተሰጠ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መቆየት ያስፈልገዋል።

በአገራችን የልብን መዝጊያ የሚያበላሸው ዋናው ነገር በልጅነት የደረሰ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ የሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ስለዚህም በበለጸጉት አገሮች ይህ በሽታ ይልቁን ሽማግሌዎችን ሲይዝ በኛ ዘንድ ግን ወጣቶችን ያገኛቸዋል።

መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ይህ በሽታ ከያዘው የሚተርፍ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1885 ዊልያም ኦስለር የተባለው ስመ ጥሩ ሐኪም በሎንዶን ስለዚህ በሽታ ሰፊ ንግግር አድርጎ፤ ምልክቱ መልኩን ስለሚለዋውጥ ለይቶ ለማወቅ እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ገለጸ። ከዚያም 26 ዓመት ቆይቶ የሙዚቃው ሊቅ ጉስታቭ ማህለር በዚሁ በሽታ ሞተ። ማህለር የልቡ መዝጊያ ደኅና አለመሆኑን ሐኪሞች የነገሩት በ1907 ነበር። በ1911 በወርኀ ፌብሩዋሪ በኒውዮርክ ሳለ ትኩሳት ያዘው፤ እንዲያም ሆኖ በ21ኛው ቀን ሙዚቀኞቹን መርቶ አመሸ፤ የመጨረሻውም ሆነ። ኤማኑኤል ሊብማን የተባለው የልብ ሐኪም መርምሮት በሽታውን ዐወቀበት፤ ደሙም ተቀድቶ በመመርመሪያ ቤት ሲታይ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ሚክሮብ ተገኘበት። ወደ ፓሪስ፤ ከዚያም ወደ ቪየና ተወስዶ በዚያው ዓመት ሜይ 18 ቀን በ50 ዓመቱ ዐረፈ። ስመ ጥር ሐኪሞች ነበሩት፤ በሽታውም በትክክል ታውቆ ነበር፤ የጎደለው መድኃኒቱ ብቻ ነበር። ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ በ1944 ሊዮ ሎው የተባለው የኒውዮርክ ሐኪም በዚሁ መድኃኒት የዳኑ በሽተኞችን ለዓለም አስታወቀ፤ በ1965ም የተመረቀዘውን መዝጊያ በኦፐራሲዮን አውጥቶ በሌላ መተካት እንደሚቻል ታየ።

ይህ ሁሉ ከተገኘ በኋላስ ሰው ለምን ይሞታል? ከ2000 እስከ 2005 ድረስ በ25 አገሮች 2,781 በሽተኞች ተመዝግበው ውጤቱ በ2009 ታትሟል። ከነዚህ ውስጥ ከ100 18ቱ ከሐኪም ቤት ሳይወጡ ሞተዋል። ሞት የሚበረታው ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች፤ ሰው ሠራሽ መዝጊያ በተመረቀዘባቸው፤ በመዝጊያው ዙሪያ መግል በቋጠረባቸው፤ ቡቃያውም ሚትራል በሚባለው በግራው የልብ ክፍል መዝጊያ ላይ በበቀለባቸው መሆኑ ታወቀ። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ሊታሰቡ የሚገባቸው ሁለት ናቸው ብለን እናምናለን።

አንደኛው የሚክሮቡ ዓይነት ነው። ማህለርን የገደለው ስትሬፕቶኮከስ በዝግታ የሚሠራ ነው፤ በአፍ ውስጥ የሚኖሩት የዚህ ወገን ሚክሮቦች ለፔኒሲሊን ብዙ ጊዜ ይሸነፋሉ፤ በምዝገባውም ላይ እነርሱ የያዟቸው ሰዎች የመዳን ተስፋቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ስታፊሎኮከስ ኦውሬውስ የሚባለው፤ በቆዳ ላይ ብጉንጅ የሚያወጣው ሚክሮብ ግን ጨካኝ ነው። ጤነኛውን መዝጊያ እንኳ ሳይቀር ይይዛል፤ በጥቂት ቀንም ይበሳዋል። ከተመዘገቡት በሽተኞች ከ100 31ዱ በዚህ የተያዙ ነበሩ። በሐኪም ቤት የቆየ መርፌና የደም ሥር ቱቦ ለዚህ ሚክሮብ የተመቸ መግቢያ ስለ ሆነ፤ ለማዳን የገባው መሣሪያ ራሱ የጥፋት በር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የልብ መድከም ነው። መዝጊያው የተበላ እንደ ሆነ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ልብም ያንኑ ደም ሁለት ጊዜ ለመግፋት ይገደዳል፤ በመጨረሻም ውሃ ወደ ሳንባ ይሞላል። በሽተኛው ጋደም ሲል ትንፋሹ የሚያጥረው፤ ሌሊት ተነሥቶ በመስኮት አጠገብ የሚቀመጠው፤ እግሩም የሚያብጠው ስለዚህ ነው። ይህ ምልክት በታየ ጊዜ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ መዝጊያውን በቶሎ በኦፐራሲዮን መጠገን ወይም መለወጥ ይፈለጋል። ቤተ ዘመድ ግን ብዙ ጊዜ «በትኩሳቱ ላይ ደግሞ ቢላዋ እንዴት ይሆናል፤ በመጀመሪያ ይጠንክር» እያለ ይከራከራል። አሳቡ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ነገር ግን መዝጊያው የተበሳ ሰው በመቆየቱ ይደክማል እንጂ አይጠነክርም።

ከዚህ ሌላ ቡቃያው ተቆርሶ በደም መንገድ ሲሄድ የአንጎልን ደም ሥር ይደፍናል፤ ሰውዬውም በድንገት አንደበቱ ይያዛል ወይም አንድ ወገኑ ሽባ ይሆናል። ቡቃያው ከ10 ሚሊሜትር በላይ የሆነ እንደ ሆነ ይህ አደጋ ይበዛል። በኮርያ መዝጊያቸው ክፉኛ የተበላሸና ቡቃያቸው ትልቅ የሆነ 76 በሽተኞች ለሁለት ተከፍለው ተፈትነው ነበር። የፈተናው ውጤት በ2012 ሲገለጽ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ኦፐራሲዮን ከተደረገላቸው 37ቱ በ6 ሳምንት ውስጥ ቁራሽ ደም ሥሩን የደፈነበት አንድም አልተገኘም፤ እንደ ቀድሞው ልማድ ከታከሙት 39 መካከል ግን 8ቱን አግኝቷቸዋል። በሐኪም ቤት የሞተው ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ስለ ነበረ፤ መቸኮሉ የጠቀመው ከሞት ይልቅ አንጎልንና ሌላውን አካል ከጉዳት በማዳን ነው። ኩላሊት መድከሙና የስኳር በሽታም ሸክሙን ይጨምራሉ።

ዕድሜን መቀነስ፤ የሚክሮቡንም ዓይነት መምረጥ በማንም እጅ አይደለም። በቤተ ሰብ እጅ ያለው ጊዜው ነው። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ከቀድሞ ሕመም የተረፈ የክኒን መድኃኒት አይጠፋም፤ ትኩሳት የመጣ እንደ ሆነ እርሱን መዋጥ ልማድ ሆኗል። ጥቂት ክኒን የልብ መዝጊያን አያድንም፤ ነገር ግን ትኩሳቱን ለጥቂት ቀን አብርዶ ሚክሮቡን በደም ምርመራ እንዳይገኝ ይሰውረዋል። ሚክሮቡ ያልታወቀለት ሐኪም ደግሞ መድኃኒቱን በግምት ለመምረጥ ይገደዳል፤ በዚህም መካከል መዝጊያው ይበላል። ስለዚህ የልብ ደዌ ያለበት ሰው ትኩሳት ሲይዘው ክኒን ሳይቀምስ ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ «ልቤ ሕመም አለበት፤ መድኃኒት ከመሰጠቴ በፊት ደሜ ይመርመርልኝ» ማለት ይገባዋል። ደሙም ብዙውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ ሐኪሙ ደም አበዛ ተብሎ ሊታማ አይገባም። የሌሊት ላብ፤ የሰውነት መክሳት፤ በጥፍር ሥር እንደ ስንጥር ያለ ቀይ መስመር መታየት፤ እነዚህ ሁሉ ለሐኪሙ ሊነገሩ የሚገባቸው ናቸው።

ስለ ጥርስም አንድ ቃል እንጨምር። ድዱ የቆሰለ ሰው ሚክሮብ ወደ ደሙ የሚገባው ጥርስ በሚነቀልበት ቀን ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ሲያኝክ ነው፤ ስለዚህ ጥርስን ጠዋትና ማታ ማጽዳት ለልብም ጥበቃ ነው። ሰው ሠራሽ መዝጊያ ያለበት ሰው፤ ወይም ከዚህ በሽታ አንድ ጊዜ የዳነ ሰው፤ ጥርሱን ከማስነቀሉ በፊት ለሐኪሙ ሊነግረው ያስፈልጋል፤ ሐኪሙም አስቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ያዝለታል። እንጥል ማስቆረጥንና ጥርስን በባልታወቀ እጅ ማስነቀልን ግን ለጤነኛም ቢሆን አንመክርም። አንድ ጊዜ የዳነ ሰው ሁለተኛ ሊያዝ የሚችል ስለ ሆነ፤ ከሐኪም ቤት በወጣ ባመቱም ቢሆን ትኩሳት የተመለሰበት እንደ ሆነ ደሙ እንደ ገና ይመረመራል።