ልጆቻችን ሙያን ከፈተና በፊት ይዩት



ባለፈው በጋ አንዲት ክፍል ቤት ሳስገነባ ባሬላ ከሚሸከሙት የቀን ሠራተኞች አንዱ የሠፈራችን ልጅ ነበር። 12ኛ ክፍል ተፈትኖ አልሆነለትም። ግንበኛው የመሠረቱን ማዕዘን ሲያወጣ በአንዱ ሲባጎ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ለክቶ ምልክት አደረገ። በምልክቶቹ መካከል ልክ 100 ሲሞላ «አሁን ስኳድራ ሆነ» አለ። ልጁም ቆም ብሎ «ይኼማ ፒታጎረስ ነው፤ ተምሬዋለሁ!» አለ። ግንበኛው «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ቢለው ሁላችንም ሳቅን። ማታ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ልጁ ስሌቱን ያውቃል፤ ምን እንደሚሠራበት ግን ያሳየው ሰው አልነበረም።

ቁጥሩን ሁላችንም ሰምተናል። በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍልን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የማካካሻ ትምህርት ያገኙ ቢኖሩም የብዙው ልጅ መንገድ ሌላ ነው። እኛ ግን ስለ ሙያ የምናነሣለት ከወደቀ በኋላ ነው። ታዲያ ሙያ የቅጣት ያህል ቢመስለው ምን ይገርማል?

ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር። እኛ ዛሬም «ተማር፣ አለዚያ ጭቃ ታቦካለህ» እያልን ልጅ እናስፈራራለን። ለመሆኑ ግንባታ ያለ ትምህርት ይሆናል ወይ? አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፤ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። ይህ ኬሚስትሪ ነው። ፌራዮው የቢሙን ዋና ብረት ከታች፣ ወደ ውጭ የወጣውን የበረንዳ ብረት ግን ከላይ የሚያስረው ክብደቱ የሚስብበትን ወገን አውቆ ነው። ይህም ፊዚክስ ነው።

ሥራው ችግር የለውም አልልም። ሲሚንቶ ሲወደድ ሥራ ይቆማል፤ ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል፤ ከመወጣጫ የሚወድቅም አለ። ልጆቹ ይህንንም ይዩት። አይተው «አልፈልግም» ቢሉ መብታቸው ነው። ሳያዩት ሲቀሩ ግን ምርጫቸው ባሬላ ወይም የጅቡቲ መንገድ ይሆናል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ማኅበራችን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጽፎ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ሴቶቹም ጭምር፣ በየመንፈቁ አንድ ግማሽ ቀን የግንባታ ሥራ እንዲጎበኙ ይጠይቅ። የራስ ቆብና ሽፍን ጫማ ይኑራቸው፤ መወጣጫ ላይ አይውጡ። ሁለተኛ፣ በሠፈራችን ያላችሁ ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ክፍል ድረስ ሄዳችሁ ሥራችሁን፣ የቀን ገቢያችሁንም ሳትደብቁ ንገሯቸው። ሦስተኛ፣ በሙያ ሥልጠና ከደረጃ 1 እስከ 5 እንደሚኬድና የብቃት ምዘና እንዳለው ከኮሌጅ የመጣ ሰው ያስረዳቸው። አራተኛ፣ እኛ ወላጆች ያችን ማስፈራሪያ እንተዋት።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በመካነ ሰላም የጭቃው ቤት በብሎኬት እየተተካ ነው። ከተማችን መገንባቷ አይቀርም፤ የሚገነባት የራሷ ልጅ ይሁን ነው የምለው።

ከሠፈሩ ነዋሪዎች አንዱ