ነገርን ከሥሩ፤ ስለ ፈርምዌርና ስለ ረስት ቋንቋ

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። በዚህ ግቢ ስለ ኮምፒዩተር ሲወራ ግን ነገሩ ሁልጊዜ የሚያዘው ከጫፉ ነው። ስለ ስልኩ፥ ስለ ማኅበራዊ መገናኛው፥ ሰሞኑን ደግሞ ግጥም ይገጥማል ድርሰት ይደርሳል ስለሚባለው ማሽን ሌት ተቀን እንከራከራለን። ከሁሉ በታች ሆኖ ማሽኑን ከእንቅልፉ ስለሚቀሰቅሰው ጽሑፍ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነንና «ይህ የምሕንድስና ልጆች ጉዳይ ነው፤ እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚል አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ነገሩ የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ የቋንቋ ጉዳይ ደግሞ ከማንም ይልቅ እኛን ያገባናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩን እናብራራ። የኮምፒዩተር ቁልፍ ሲነካ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ወዲያው አይነሣም። አስቀድሞ የሚነሣው በማሽኑ ዋና ሰሌዳ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው። እርሱም ማኅደረ ትውስታውን ያሰናዳል፥ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ይቀሰቅሳል፥ ዲስኩን ፈልጎ ያገኛል፤ በመጨረሻም ሥልጣኑን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስረክቦ ገለል ይላል። ይህ ጽሑፍ ፈርምዌር ይባላል። በ1981 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ሲወጣ ይህን ሥራ የሚሠራው ባዮስ የተባለው ነበር። ቆይቶም ኢንቴል በ1990ዎቹ ኢታኒየም ለተባለው ማሽን አዲስ ሥርዐት ማሰናዳት ጀመረ። በ2005 ኩባንያዎች በአንድ ማኅበር ተሰባስበው ሥርዐቱን የጋራ አደረጉት፤ ስሙም ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. ተባለ። ዛሬ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ያለው አብዛኛው የግል ኮምፒዩተር የሚነሣው በዚሁ ሥርዐት ነው።

ይህ የታችኛው ጽሑፍ በብዛት የተጻፈው በሲ ቋንቋ ነው። ሲ ብርቱ ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊውን ከመጠን በላይ ያምናል። ጸሐፊው ከተፈቀደለት ስፍራ አልፎ ቢጽፍ፥ የለቀቀውን ስፍራ ተመልሶ ቢነካ «ተው!» የሚለው የለም። የማይሳሳት ሰው ስለሌለም ስሕተቱ ይከማቻል። ማይክሮሶፍት በየዓመቱ ከሚጠግናቸው የጸጥታ ቀዳዳዎች ውስጥ ከመቶ 70 ያህሉ ከዚህ ዓይነት የማኅደረ ትውስታ ስሕተት የሚመጡ መሆናቸውን በ2019 ገልጿል።

በታችኛውም ቤት ያለው ነገር ከዚህ አይሻልም። በ2023 መጨረሻ ሎጎፌይል የሚል ስም የወጣላቸው ቀዳዳዎች ይፋ ሲሆኑ፥ ማሽኑ በሚነሣበት ጊዜ የኩባንያውን ዐርማ ለማሳየት ሥዕል የሚያነብበው የፈርምዌር ክፍል ለአጥቂ በር ሆኖ ተገኘ። በጥር 2024 ደግሞ ኢ.ዲ.ኬ. 2 በተባለው፥ ብዙ አምራቾች በሚገለገሉበት የፈርምዌር ጽሑፍ ውስጥ፥ በኔትወርኩ ክፍል 9 ቀዳዳዎች ተገኙ፤ ፒክሲፌይል ተባሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያው የማኅደረ ትውስታ ስሕተት ነበሩ። በዚህ በኩል የገባ ሌባ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቀድሞ ስለሚነቃ ጸረ ቫይረሱ አያየውም፤ በፈርምዌሩ ቺፕ ውስጥ ከሰፈረማ ዊንዶውስን አጥፍቶ እንደገና መጫን እንኳ አያስወጣውም። በአገራችን ደግሞ ማሽን አምራቹ ማደስ ካቆመለት በኋላ እንኳ ለዓመታት ያገለግላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

እንግዲህ ረስት የተባለው ቋንቋ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ረስት በ2006 በአንድ የሞዚላ ሠራተኛ የግል ሥራነት ተጀመረ፤ ግሬደን ሆር ይባላል። የመጀመሪያው የጸና እትም የወጣው በግንቦት 2015 ነው። የቋንቋው ዋና ጠባይ ጸሐፊውን ገና በጽሑፉ ላይ ሳለ መጠየቁ ነው። «ይህ ስፍራ የማን ነው? እስከ መቼ ነው? ሌላ ሰው ይዞት የለምን?» ይላል፤ መልሱ ካልጣመው ኮምፓይለሩ ሥራውን አይቀበልም። ሲ ቸር አበዳሪ ቢሆን ረስት ዋስ ካልጠሩ የማያበድር ነው።

ረስት ለጸሐፊው የሚያቀርባቸውን የተዘጋጁ መሣሪያዎች በሦስት ደረጃ ከፍሎ አስቀምጧል። እነዚህም ላይብረሪ ይባላሉ፤ ላይብረሪ ሲባል ግን የፈተና ሰሞን መቀመጫ የምንሻማበት አዳራሽ አይደለም፤ ማንኛውም ጸሐፊ ከባዶ ሳይጀምር አንሥቶ የሚሠራበት የጋራ ጓዳ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ኮር ይባላል፤ ከማንም ምንም የማይለምን የመንገደኛ ስንቅ ነው። ሁለተኛው አሎክ ነው፤ እርሱ የሚጠይቀው ማኅደረ ትውስታ የሚያድለው ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛው ስታንዳርድ ላይብረሪ ነው። ይህ እንደ ሙሉ ቤት ነው፤ ፋይል ይከፍታል፥ ሰዓት ይጠይቃል፥ ኔትወርክ ይዘረጋል፥ ሥራውን ለብዙ እጅ ያከፋፍላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን ከሥሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስላለ ነው።

ከዚህ የተነሣ በፈርምዌር ውስጥ የሚጽፍ ሰው ለብዙ ጊዜ በኮርና በአሎክ ብቻ ሲኖር ቆይቷል። የጎደለውን ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሀሽማፕ የሚባለው የተለመደ የመዝገብ ዓይነት በአሎክ ውስጥ የለም፤ በስታንዳርድ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ምክንያቱም አጥቂ አስቀድሞ እንዳይገምተው በዕጣ የተገኘ ቁጥር ይፈልጋል፤ ዕጣውን የሚያወጣለት ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ስለዚህ በስታንዳርድ ላይ ተማምነው የተጻፉ ብዙ ሺሕ የጋራ ሥራዎች ለፈርምዌር ጸሐፊ ቅርብ ሆነው ሳለ አይደረስባቸውም ነበር። እርሱም ሌላው የሠራውን መልሶ ሲሠራ፥ ሌላው የተሳሳተውንም መልሶ ሲሳሳት ይኖራል።

ይህን አጥር ለማፍረስ በ2022 ክረምት ሥራ የጀመረው ማን ነው? ትልቅ ኩባንያ አይደለም፤ አንድ ተማሪ ነው! ጎግል ለጀማሪዎች በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የክረምት መርሐ ግብር፥ ቲያኖኮር በተባለው የፈርምዌር ማኅበር ሥር ሆኖ፥ ስታንዳርድ ላይብረሪውን ወደ ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. የማምጣቱን ሥራ ያዘ። የቋንቋው ባለቤቶችም አንብበው፥ አርመው፥ አሳርመው በ2023 የመጀመሪያውን ክፍል ተቀበሉት። አሠራሩ ቀላል ሐሳብ ነው። ፈርምዌሩ ራሱ ጥቂት አገልግሎቶች አሉት፤ የስታንዳርዱን ጥያቄ ለእነዚህ አገልግሎቶች ማስተርጐም ነው። ማኅደረ ትውስታ ሲጠየቅ ከፈርምዌሩ ገንዳ ይቀዳል፤ ቃል ሲጻፍ በፈርምዌሩ የጽሑፍ መውጫ ይወጣል፤ ሰዓትም የሚጠየቀው ከዚያው ነው።

ተቃዋሚዎች አሉ፤ ክርክራቸውም የዋዛ አይደለም። «ስታንዳርድ የሚለው ስም ቃል ኪዳን ነው» ይላሉ። «ፈርምዌር ግን ቃሉን መፈጸም አይችልም። በዚያ ቤት ሥራን ለብዙ እጅ የሚያከፋፍል የለም፤ የመጀመሪያው ክፍል ሲገባ ፋይልም ኔትወርክም አልነበረበትም። ከዚህም ሁሉ የከፋው፥ ፈርምዌሩ ሥልጣኑን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ባስረከበበት ቅጽበት ማኅደረ ትውስታ የሚያድለው አገልግሎት ራሱ ይዘጋል። ከሥሩ ወለሉ የሚነሣበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው?» በዚህም አያበቁም፤ በድረ ገጽ ማሰሻ ውስጥ ለሚሠራው ለዌብአሴምብሊ የተደረገውን ይጠቅሳሉ። በዚያ፥ ስርዐተ አስተናጋጅ በማይታወቅበት ዓይነቱ ላይ፥ ስታንዳርዱ ስሙ አለ፤ ጽሑፉም ያለ ችግር ያልፋል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ሰዓት የጠየቀ ዕለት ተሰብሮ ይወድቃል። ሳይሠራ ከሚያልፍ ጽሑፍ ይልቅ ገና ከበሩ «አይሆንም» የተባለ ይሻላል ነው የሚሉት።

እኛ በበኩላችን ሥራው መጀመሩ መልካም ነው እንላለን፤ ምክንያታችንም ይህ ነው። በባዶ እጅ መሥራት ለጥቂት ጠቢባን ክብር ነው፤ ለብዙኃኑ ግን የተዘጋ በር ነው። በላይኛው ቤት ረስትን የተማረ ሰው ወደ ታችኛው ቤት ሲወርድ ሌላ ቋንቋ የተማረ ያህል እንግዳ ከሆነ፥ ታችኛው ቤት ሁልጊዜ የጥቂቶች ርስት ሆኖ ይቀራል። ጥቂቶች ብቻ የሚያነቡት ጽሑፍ ደግሞ ስሕተቱም በጥቂቶች ዐይን ብቻ የሚፈተሽ ነው። የወለሉ ነገርም ቢሆን ታስቦበታል። ርክክቡ ሲፈጸም እንዲነገረው ስታንዳርዱ አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ ማኅደረ ትውስታ ቢጠየቅ «የለም» ብሎ ይመልሳል እንጂ በተዘጋ ገንዳ ውስጥ እጁን አይሰድም። ይህ ሐቀኝነት ነው፤ ከሥርዐትም የምንፈልገው እርሱን ነው።

የሆነ ሆኖ ድጋፋችን ያለ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አንደኛ፥ ያልተሠራው ነገር ሁሉ በግልጽ ተጽፎ ይታይ፤ ጸሐፊው ጉድለቱን የሚያውቀው ማሽኑ ሲቆም አይሁን። ሁለተኛ፥ በኮር ብቻ ሊጻፍ የሚችለው ሥራ ለምቾት ሲባል ወደ ስታንዳርድ አይዛወር፤ ስታንዳርዱ ተጨማሪ በር እንጂ የቀድሞውን የሚደፍን ግድግዳ መሆን የለበትም። ሦስተኛ፥ ረስት ሁሉን ያድናል የሚል ስብከት ይቅር። ከላይ ከጠቀስናቸው 9 ቀዳዳዎች መካከል አንዳንዶቹ ማለቂያ የሌለው ዙሪያ ጥምጥምና ሊገመት የሚችል የዕጣ ቁጥር ነበሩ። እነዚህን ማንም ቋንቋ ለጸሐፊው አያስብለትም።

አሁን ደግሞ እኛን በቀጥታ ወደሚነካው እንምጣ፤ ይኸውም ፊደላችን ነው። የዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. ሕግ እያንዳንዱን ፊደል በ16 ቢት ይጽፋል፤ ከ65,536 በላይ ቁጥር አያውቅም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ የተሰጠው ቁጥር ከዚህ ወሰን በታች ነውና «ሰላም» የሚለው ቃል በዚህ ሕግ ያለ ችግር ያልፋል። በ2021 ግን ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ሲገቡ የተሰጣቸው ቁጥር ከወሰኑ በላይ ሆነ። በሕጉ ቃል ብንሄድ የጉራጌ ልጅ ለፋይሉ በገዛ ፊደሉ ያወጣለት ስም በታችኛው ቤት ስም አይደለም ማለት ነው። የስታንዳርዱ ሠሪዎች እዚህ ላይ ምን አደረጉ? ብዙ ፈርምዌሮች በተግባር ሕጉን እንደማይጠብቁት አይተው፥ ሁለት ሁለት ቁጥር አጣምሮ ሁሉንም ፊደል የሚይዘውን ዩ.ቲ.ኤፍ. 16 የተባለውን አጻጻፍ በሙሉ ተቀበሉ። ይህን ሲያደርጉ ስለ ጉራጌ አስበው ነበር ብለን አንመጻደቅም። ነገር ግን እዩ፤ አንድ ሰው በጓዳ ውስጥ የሚወስነው ትንሽ ውሳኔ በሌላ አህጉር ያለውን ሕዝብ ፊደል ያስገባል ወይም ያስቀራል!

ፊደሉ ማለፉ ብቻውንም አይበቃም። ፈርምዌር በስክሪኑ ላይ እንዲያሳይ የሚገደደው መሠረታዊውን የላቲን ፊደል ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ተሸክሞ ያልፋል፤ ሥዕሉ ስለሌለ ግን አይታይም። ይህን ማን ይሥራልን? ፈረንጅ እስኪያስብልን እንጠብቅን? አንድ ተማሪ በአንድ ክረምት አጥሩን ከነቀነቀው እኛስ በአንድ ዓመት ፊደላችንን በቤቱ ደጃፍ ማሳየት ያቅተናልን?

ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት በዚህ ጉዳይ አይሠራም። ኬሙ የተባለው ማሽን አስመሳይ ፕሮግራም ኦ.ቪ.ኤም.ኤፍ. ከተባለው ፈርምዌር ጋር በነጻ ይገኛል፤ ረስትም በነጻ ነው። በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሌላ ማሽን አስመስሎ አንሥቶ፥ ፈርምዌሩን አበላሽቶ፥ ደግሞም አድሶ መማር ይቻላል፤ የሚሰበር ዕቃ የለም። ስለዚህ ለኅብረታችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የምሕንድስናና የኮምፒዩተር ተማሪዎች፥ የእኛም ፋኩልቲ ልጆች ጭምር የሚገቡበት የንባብ ክበብ በዚህ ሴሚስተር ይቋቋም። እነርሱ ጽሑፉን ያንብቡ፤ እኛ ቃሉን እናውጣለት። ፈርምዌር ለሚለው ነገር እንኳ ሁላችን የተስማማንበት የአማርኛ ስም የለንም፤ ስም ያላወጡለትን ነገር ደግሞ በራስ ቋንቋ ማስተማርም መጠየቅም አይቻልም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ከሐሳባችን ጋር የሚስማማ ስሙን ለአዘጋጁ ክፍል ያስመዝግብ፤ የማይስማማም ክርክሩን ጽፎ ያምጣ፤ በሚቀጥለው እትም ስፍራ አለው።