ሦስት ማዘዣ፣ አንድ ሕመምተኛ፤ ተጠያቂው ማን ነው?

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ዛሬ ተረቱ ተገልብጧል። ጉድ የሚሆነው በሽታውን ተናግሮ፣ ቀድሞ የሚውጠውን መድኃኒት ሳይናገር የቀረው ነው። እሱም ቢሆን ደብቆ አይደለም፤ የሚጠይቀው ጠፍቶ እንጂ!

ከቀየት፣ ከዚያ ከደጋው፣ አንድ ሰው ተነሳ እንበል። ሐሳብ ገብቶት፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ እህል አልበላ ብሎት ከርሟል። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ድረስ መዝለቁን፣ ከ2015 ማብቂያ ወዲህም ክልሉ በሌላ ግጭት መታመሱን ላየ ሰው ይሄ አይገርመውም። ጤና ጣቢያ ሄዶ አሚትሪፕቲሊን ይሰጠዋል። አልሻል ሲለው ዘመድ ያዋጣለትና አዲስ አበባ ይመጣል፤ እዚህ ፍሉኦክሰቲን ይታዘዝለታል። ወገቡን ሲያመው ደግሞ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ትራማዶል ይገዛል። ሦስቱን የሰጡት ሰዎች አይተዋወቁም። መድኃኒቶቹ ግን አንድ ደም ውስጥ ይገናኛሉ።

ሲገናኙስ? ፍሉኦክሰቲን ጉበት አሚትሪፕቲሊንን የሚያብላላበትን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ሰውየው የዋጠው ያው የትናንቱ ክኒን ቢሆንም በደሙ ውስጥ መጠኑ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። አፍ ይደርቃል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሽንት እምቢ ይላል፤ ሲብስ የልብ ምት ይዛባል። ትራማዶል ሲታከልበት ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ከልክ አልፎ ላብ፣ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት ሊያመጣ ይችላል። አረቄ ከተጨመረበትማ ማደንዘዙ አይጣል ነው። “እንግዲያው ትቼዋለሁ” ቢልም ወዲያው አይገላገልም፤ ፍሉኦክሰቲን ከቆመ በኋላ እንኳ ሳምንታት ሰውነት ውስጥ ይቆያል።

አሁን ይሄ ሰው እየተንቀጠቀጠና እየቃዠ አገሩ ቢገባ ጎረቤት ምን ይላል? “ለከፈው!” ይላል። ጋኔኑ ይፈለጋል፤ ክኒኑን የሚጠረጥር የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ሐኪም ዘንድ ቢመለስም ከዚያ የሚሻል ላይገጥመው ይችላል፤ “በሽታው ጠንቶበታል” ተብሎ አራተኛ ክኒን ይታዘዝለታል።

እኔ መድኃኒት አይወሰድ አላልኩም። እነዚህ ክኒኖች የብዙ ሰው ሕይወት አትርፈዋል። ሐኪም አውቆና ተከታትሎ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያዝበት ጊዜም አለ። የሚወስድ ሰው ይሄን አንብቦ በገዛ ሥልጣኑ እንዳያቋርጥ፤ ድንገት ማቆምም የራሱ ጣጣ አለው። ጠቤ ማንም ሳያውቀው ከሚደረግ ድርብርቦሽ ጋር ነው።

ይሄ የድሃ አገር ጉድ ብቻም አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ተማሪ ፌኔልዚን የተባለ የድብርት መድኃኒት እየወሰደች ሆስፒታል ገብታ ፔቲዲን ተሰጣት። በሰዓታት ውስጥ ሞተች፤ ሞቷም ከሁለቱ መድኃኒቶች መጋጨት ጋር ተያያዘ። ጋዜጠኛ አባቷ ዝም አላለም። በ1989 የኒውዮርክ ግዛት ተለማማጅ ሐኪሞች በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ደነገገ። እዚያ አንድ አባት ጮኾ ደንብ አስለወጠ። እዚህ “አምላክ ያመጣው ነው” ብለን ቀብረን እንመለሳለን።

“ባለሙያ የለም” የሚለው ሰበብ ድሮ ያስኬድ ነበር። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር በአገሪቱ የነበሩት 11 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ቁጥሩ ጨምሯል። ደግሞስ “ሌላ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?” ብሎ ለመጠየቅ ስፔሻሊስት መሆን ያስፈልጋል እንዴ?

ጤና ሚኒስቴርና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚባሉት መሥሪያ ቤቶች ይመለሱልን። በሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው የእንግሊዝኛ ወረቀት ለቀየት ገበሬ ምን ይፈይድለታል? ማስጠንቀቂያው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍለት። ሕመምተኛው የሚውጠው ሁሉ የሚመዘገብበት አንድ ካርድ ይኑረው፤ ከጤና ጣቢያ እስከ አዲስ አበባ አብሮት ይሂድ። ትራማዶልን ያለማዘዣ የሚሸጥም ይጠየቅ።

እስከዚያው ግን፣ ወገኔ፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ቤትህ ያለውን ክኒን ሁሉ በፌስታል ቋጥረህ ሂድና ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው። ካልጠየቁህ አንተ ጠይቃቸው!