የሞባይል ገንዘብ መክፈቻ፦ አሻራ ወይስ የምሥጢር ቁጥር?

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንደ ታች ጋይንት ወረዳዋ አርብ ገበያ ላሉ ከተሞች ነዋሪዎች የሞባይል ገንዘብ ትልቁ ፋይዳ መንገድ መቆጠቡ ነው። ይሁንና በገበያ ቀን ግርግር መካከል ዓይኑ የደከመ ወይም ማንበብ የማይችል ተገልጋይ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ የምሥጢር ቁጥሩን በቃል ይነግራል። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ምሥጢር አይደለም። ስለሆነም ስማርት ስልክ ላለው ተገልጋይ በአሻራ መክፈት ከቅልጥፍናው ባሻገር ለደኅንነትም የተሻለ ነው ማለት ይቻላል፤ አሻራን በትከሻ ላይ አሻግሮ ማየት አይቻልምና።

ነገር ግን ስልኩ ጣታቸው የተመዘገበላቸውን ሁሉ እንደ ባለቤት ይቆጥራል። ለጨዋታ ተብሎ የልጅ ጣት የተመዘገበበት ስልክ የገንዘብ መተግበሪያውንም ለልጁ ሊከፍት ይችላል። በእርሻ ሥራ የሻከረ ጣት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ስለማይነበብ ቁጥሩን ማስታወስ ግድ ይላል። ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር 1,000,000 አማራጭ አለው፤ የልደት ቀኑን የሚመርጥ ሰው ግን ለሚያውቁት ሁሉ ግምቱን ያቀልላቸዋል።

ብዙዎች የሚያምታቱት ሌላ ጉዳይ አለ። ለፋይዳ የሚሰጠው የአሥር ጣት አሻራ በብሔራዊ መታወቂያ ሥርዓት ውስጥ የሚመዘገብ ሲሆን፣ የስልክ መክፈቻው አሻራ ግን በአብዛኛው እዚያው ስልክ ውስጥ ይቀራል። ስልክ የጠፋበት ተገልጋይ ከሁሉ አስቀድሞ ሲም ካርዱን ማዘጋት አለበት፤ የማረጋገጫ ኮድ በአጭር መልእክት የሚደርሰው በዚያ ቁጥር ነው።