ላፕቶፑን ከመቀየራችሁ በፊት መስኮቱን ክፈቱ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ስህተት ነው።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ሐሙስ በዙም የሥራ ኢንተርቪው አለኝ። ስክሪን ሼር ስለሚያስደርጉ በስልክ አይሆንም። የላፕቶፔ ካሜራ ደግሞ ፊቴን ያደበዝዘዋል፣ ስንቀሳቀስ ምስሉ እየተጎተተ ነው የሚከተለኝ» አለኝ። ላፕቶፑ አሥር ዓመት አልፎታል። እኔም ሳላየው «እሱማ አርጅቷል፣ ሌላ ፈልግ» ብዬ ዘጋሁት። ጥገና ቤትም ይህንኑ ነግረውታል። ማታ መልሶ ሲደውል አባቱ ከጎተራ ሁለት ኩንታል ጤፍ ሊሸጡለት እንደሆነ ነገረኝ። ተጂ ያደጋችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግስቱ ቤቱ ሄድኩ። ልጁ የጅማ መንገድ የመኪና ድምፅ እንዳይረብሸው መስኮቱን ዘግቶ፣ ከጀርባው አንዲት አምፖል አብርቶ ተቀምጧል። መስኮቱን ከፈትን። ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንዲያርፍ ጠረጴዛውን አዞርን። የካሜራዋን ሌንስ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግናት፤ የስንት ዓመት የጣት ቅባት ነበረባት። በቃ፣ ፊቱ ጠራ! መጎተቱም በግማሽ ቀነሰ።

ምን ሆነ? ካሜራ በሰከንድ 30 ያህል ፎቶ ያነሳል። ስለዚህ ለአንዱ ፎቶ ያለው ጊዜ ቢበዛ የሰከንድ 30ኛ ነው። ቤቱ ሲጨልም ግን ብዙዎቹ ካሜራዎች ብርሃን ለመሰብሰብ ለእያንዳንዱ ፎቶ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳሉ። በዚያ መሀል ጭንቅላታችሁን ካነቃነቃችሁ ምስሉ ይደበዝዛል። የፎቶዎቹም ቁጥር ወደ 15 ወይም ከዚያ በታች ስለሚወርድ ምስሉ ይጎተታል። ብዥታውም መጎተቱም የአንድ ጨለማ ልጆች ናቸው።

የቀረው መጎተት ከሥራ ብዛት የመጣ ነበር። 1280 በ720 የሆነ ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ሳይታመቅ ቢተላለፍ ወደ 440 ሜጋቢት ይሆናል። የዩኤስቢ 2.0 ጣሪያ ደግሞ በወረቀት 480 ነው፣ በተግባር ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ካሜራው ያምቀዋል፣ ያ ምስኪን ፕሮሰሰር ይፈታዋል፣ ለኢንተርኔት ደግሞ እንደገና ያምቀዋል። ወደ 640 በ480 ሲወርድ ሸክሙ አንድ ሦስተኛ ይሆናል። እኛም ዙም ላይ ኤችዲውን አጠፋን፣ የውሸት ባክግራውንዱን አነሳን፣ የተከፈቱትን የክሮም ታቦች ዘጋን፣ ቻርጀር ሰካን። ከውጭ የሚሰካ ካሜራ ያላችሁ ከፍላሽና ከማውስ ጋር በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ ሰኩት። ዙሪያው የሚዞር ቀለበት ካለውም ምስሉ እስኪጠራ በእጃችሁ አዙሩት።

ጥፋቱ የኔትወርክ ይሁን የካሜራ ለመለየት ዊንዶውስ ላይ ያለውን የካሜራ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ክፈቱ። እዚያ ጥሩ ሆኖ ዙም ላይ ከተበላሸ፣ ካሜራውን አትውቀሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ይህን ልጅ አይሲቲ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ዌብካም ኢንፑት ዲቫይስ ነው» ብሎ ጽፎልኝ ራይት ሰጥቼዋለሁ። ስለ ሌንስና ብርሃን ደግሞ በፊዚክስ ተምሯል። ሁለቱን ያገናኘለት ሰው ግን የለም። ስም አስሸመደድነው እንጂ ሲበላሽ ከየት እንደሚጀምር አላሳየነውም። «ላብ የለም፣ ኮምፒዩተሮቹ አሮጌ ናቸው» እያልን እናማርራለን፣ እውነትም ነው። ግን አሮጌ ኮምፒዩተር ለዚህ ትምህርት ከአዲሱ ይሻላል፣ ምክንያቱም ይበላሻል።

በዓለም የመጀመሪያው ዌብካም የሚባለው በ1991 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተተከለው ነው። ሥራው የቡና ማፍያ ማሳየት ነበር! ምስሉ 128 በ128፣ ያውም ጥቁርና ነጭ። ለባለቤቶቹ ግን በቂ ነበር፣ ማወቅ የፈለጉት ቡና መኖሩን ብቻ ነዋ። ቀጣሪም የሚፈልገው ፊትህን ማየትና ድምፅህን መስማት ነው፣ የሲኒማ ጥራት አይደለም።

«አሮጌ አሮጌ ነው» የምትሉኝም አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ መቀየር ያለበት አለ። ሌንሱ ተጠርጎ፣ በቀን ብርሃን፣ በካሜራው ፕሮግራም ላይም ከደበዘዘ ካሜራው ራሱ አልቋል። ዊንዶውስ 10ም ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ የደህንነት ጉዳይ ያሳስባል። እኔ የምለው፣ ሳይፈተሽ «ቀይር» አይባል ነው። አፋችን ላይ የምትቀለው ይህች ቃል ሰው ጎተራ ትገባለች።

ልጁ ሐሙስ ኢንተርቪውን በሰላም ጨርሷል። ውጤቱ ገና አልመጣም። ጤፉ ግን አልተሸጠም።

አስተማሪዎች ወዳጆቼ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? የቀድሞ ተማሪዎቼም «ቲቸር ይህን አላስተማርከንም» የምትሉት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አልቀየምም።