«ልጆቻችንን ወሰዱብን» ከማለታችን በፊት

ደብረ ኤልያስ አስተማሪ ሳለሁ አንዲት እናት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቃ አነጋገረችኝ። ባሏ ሞቷል። ሁለት እግሮቹ ወደ ውስጥ ተቆልምመው የተወለደው ልጇ ሰባት ዓመት ቢሞላውም ገና በጀርባዋ ታዝለዋለች። «ኡስታዝ፣ አዲስ አበባ የክርስቲያን ድርጅት ሆስፒታል አለ፤ በነፃ ያቃናልሻል ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ ሃይማኖቱን ያስቀይሩብሻል እያሉ ያስፈራሩኛል። ምን ላድርግ?» አለችኝ።

«ውሰጂው እህቴ» አልኳት። መልሴ ልክ እንደነበር ዛሬም አልጠራጠርም። ያሳፈረኝ ቀጥላ የጠየቀችኝ ነው። የመሳፈሪያ ገንዘብ፣ አብሯት የሚሄድ ሰው፣ አዲስ አበባ የምታርፍበት ቤት ትፈልግ ነበር። ከእኛ በኩል የምጠቁማት አንድም ቦታ አልነበረኝም።

የሚሽነሪዎች ነገር በተነሳ ቁጥር «የቲሞቻችንን በዳቦ እየገዙ ነው» የሚል ቁጣ ይሰማል። ቁጣው መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ዓይን ካየን እውነተኛውን ችግር እንስተዋለን።

በሥራው ላይ ያሉት ድርጅቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። የማዘር ቴሬዛ እህቶች እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ገብተው ማንም የማይነካቸውን በሽተኞችና የተጣሉ ሕፃናት ሲያነሱ ኖረዋል። ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል አካል ጉዳተኛ ልጆችን በነፃ ያክማል፤ ክርስቲያናዊ ዓላማውንም አይደብቅም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከከፈተች ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል የሚሠራበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ ሰው ለአንድ ልጅ በየወሩ ይከፍላል፤ ልጁ የሚመዘገበውና ድጋፉን የሚያገኘው ግን በአካባቢው ባለ ቤተ ክርስቲያን በኩል ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ታክሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ አንድ ነገር ነው። ደብተሩንና ምግቡን ለማግኘት በየሳምንቱ በቤተ ክርስቲያን በር ማለፍ ያለበት ልጅ ሌላ ነገር ነው። ማንም በግድ ባያስቀይረውም፣ የስምንት ዓመት ልጅ የሚያበላውን እጅና የሚያስተምረውን አፍ ለይቶ ማየት አይችልም።

ይህን መንግሥት ቀድሞም ያውቀው ነበር። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው ስለ ሚሲዮኖች የተደነገገው ድንጋጌ ቁጥር 3 አገሪቱን ለሁለት ከፈላት። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል በተባለው ሚሲዮኖች ሆስፒታልና የአንድ እምነት ወገን ያልሆነ ትምህርት ቤት መክፈት ይችሉ ነበር፤ መስበክ ግን አልተፈቀደላቸውም። «ክፍት» በተባለው ክልል፣ ማለትም ነዋሪው በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያኗ ተከታይ ባልሆነበት፣ ስብከቱም ተፈቀደላቸው። በሌላ አነጋገር የጎጃሙ ገበሬ ልጅ እንዲታከም እንጂ እንዳይሰበክ ሕግ ጠበቀው። የሙስሊሙ ልጅ ያ ጥበቃ አልነበረውም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ሕክምናና ስብከት በሕግ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ጥበቃው ግን ለአንድ ወገን ብቻ ሲሆን በደል ይሆናል።

ዛሬ ያ ድንበር የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ማንም ሰው እምነቱን በኃይል ወይም በሌላ ማስገደጃ እንዳይነጠቅ ይከለክላል፤ ወላጆችና ሕጋዊ ሞግዚቶችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 36 ደግሞ መንግሥት ለወላጅ አልባ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ ያዛል። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው መጅሊስ በእነዚህ አንቀጾች ቆሞ የመጠየቅ አቅም አለው። ጥያቄው «ይዘጉ» መሆን የለበትም። «የልጁ እምነት በመዝገብ ይስፈር፤ እናቱ ወይም አሳዳጊው ሳይፈቅዱ የሃይማኖት ትምህርት አይሰጠው፤ ድጋፉም በዚያ አይወሰን» የሚል ይሁን።

«ይዘጉ» ማለት ምን እንደሚያመጣ ሕንድ አሳይታናለች። መንግሥቷ ሃይማኖት ማስቀየርን ጠርጥሮ የኮምፓሽንን የውጭ ገንዘብ አገደ፤ ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ለቆ ወጣ። ወደ 145 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ድጋፉ ተቋረጠባቸው። ለእነዚያ ልጆች እናቶች የክርክሩ አሸናፊ ማን እንደሆነ ምን ይጠቅማቸዋል? በሩን የሚዘጋ ሰው መጀመሪያ ሌላ በር መክፈት አለበት።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሳይወለዱ አባታቸውን፣ በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን ያጡ የቲም ነበሩ። የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከእሳቸው ጋር እንደ ሁለት ጣቶች እንደሚቀራረብ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ዓይነ ስውሩን ዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱምን በተመለከተ ምን ዓይነት ወቀሳ እንደወረደ ሱረቱ ዐበሰን የቀራ ሁሉ ያውቃል። እሱም በኋላ ሙአዚን ሆነ፤ ነቢዩ ለዘመቻ ሲወጡም መዲናን በእሱ እጅ ትተው ይሄዱ ነበር። አካል ጉዳተኛን ከመስጊድ ደጃፍ ምጽዋት ተቀባይ አድርጎ ማስቀመጥ ታዲያ ከየት የመጣ ነው?

ስንፈልግ እንደምንችል አይተናል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉና የሙስሊሞች ሱቆች ሲዘረፉ ከየአቅጣጫው ገንዘብ ተዋጣ። የሚያስመሰግን ነው። ግን ለግድግዳ የዘረጋነውን እጅ ያህል ለልጅ ዘርግተናል? የየቲም ድጋፍ የሚሰጡ ማኅበሮቻችንም ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ትምህርት ቤት በእግሩ ሄዶ፣ ውጤት አምጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚላክለትን ልጅ ነው። መራመድ የማይችለው ከዝርዝሩ ይቀራል። መስማት የተሳነው ልጅ ፋቲሓን በምልክት ቋንቋ የሚማርበት መድረሳ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ደብረ ኤልያስ ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩባት የቅኔ አገር ናት። ከሩቅ የመጣ የቆሎ ተማሪ በየደጁ ለምኖ፣ የማያውቁት እናቶች አጉርሰውት ሊቅ ይሆናል። ዓይነ ስውሩም በቃል ተምሮ መምህር የሚሆንበት ሥርዓት ነው። ወላጁ የሌለበትን ልጅ አካባቢው ተጋርቶ ያሳድገዋል። የእኛም ከፋላ መንፈሱ ይኸው ነው። ልጁ ስሙንና ዘሩን ሳይቀይር፣ ከዘመዱ ሳይነጠል፣ ባለበት ይደገፋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 20 ከፋላን በስሙ ጠቅሶታል። አገራችንም በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ከከለከለች ወዲህ ባለበት የመደገፉ ኃላፊነት በእኛው ላይ ወድቋል።

የሚያስፈልገው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። እያንዳንዱ ጀመዓ በሰፈሩ ያሉትን የቲሞችና አካል ጉዳተኛ ልጆች በመዝገብ ይያዝ። እግሩ ተቆልምሞ የተወለደ ሕፃን በተወለደ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከተወሰደ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ብዙውን ጊዜ ያለ ከባድ ቀዶ ጥገና ይቃናል፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ማታ ማታ ልዩ ጫማ ያደርጋል። ከዘገየ ግን ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ የጁሙዓ ኹጥባ ላይ ይህን አንድ መልእክት መናገር ብቻ ልጅ ያድናል። ለመጓጓዣና ለማረፊያ የዘካው ገንዘብ አለ፤ ድሃ የሆነ የቲም ከፉቀራእና ከመሳኪን ይመደባል። ዘካን ብዙኃኑ ዑለማእ ለሙስሊም ድሃ ብቻ ቢሉትም ሰደቃ ግን ለክርስቲያን ጎረቤታችን ልጅም ይደርሳል። ስንሰጠውም ሸሃዳ መጠበቅ የለብንም። በእኛ ልጅ ላይ እንዲደረግ የማንፈልገውን በሌላው ልጅ ላይ ማድረግ ፍትሕ አይደለም።

ጊዜው አይጠብቀንም። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ደብረ ኤልያስ ወረዳ ተኩስ አይታለች፤ ከዚያ ዓመት ክረምት ወዲህ ደግሞ መላው የአማራ ክልል በጦርነት ውስጥ ገብቷል። አባት ያጡና አካላቸው የጎደለ ልጆች እየበዙ ነው፤ እርዳታ ይዞ የሚመጣም ይኖራል። ቀድሞ የደረሰውን መውቀስ ዘግይቶ ለደረሰ ሰው አያምርም።

ያቺ እናት ልጇን ይዛ ሄደች። መሳፈሪያውን ያዋጡላት የእድር ጎረቤቶቿ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች። ልጁ ታክሞ በእግሩ ተመለሰ፤ ቁርአኑንም ቀጠለ። ሃይማኖቱን ማንም አልወሰደበትም። ያን ቀን በጉዞው ላይ ያልነበርነው እኛ ብቻ ነን።

ወላሁ አዕለም።